ባቡር ወይስ የኪራይ መኪና? ከሮም ወይም ከፍሎረንስ ለአንድ ቀን ወጣ ስትሉ እንዴት እንደምትመርጡ

ሮም አርፋችኋል፤ ወይም ፍሎረንስ። ከቀናችሁ አንዱን ከከተማ ወጣ ብላችሁ ልታሳልፉ አስባችኋል። ክርክሩ እዚህ ላይ ይጀመራል። አንዱ «መኪና እንከራይ፣ እንደፈለግን እንሆናለን» ይላል። ሌላው «ባቡር እያለ ምን አስነዳን» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያሸንፈው ድምፁ ጎላ ያለው ሰው ነው። ይሄ ጥሩ መምረጫ አይደለም።

ጣሊያንን የመረጥኩት ያለምክንያት አይደለም። ከአዲስ አበባ ሮም በቀጥታ ይበረራል። ከጀርመን፣ ከስዊድን፣ ከአሜሪካ ለዕረፍት የሚሄድ ወገንም ብዙ ነው። ደግሞም ባቡሩ ጥሩ፣ የመኪናው ወጥመድ ብዙ የሆነበት አገር ነው። ከወዲሁ ልናገር፤ እኔ ወደ ባቡር አደላለሁ። ባቡር የማያዋጣባቸው ቦታዎች ግን አሉ። እነሱንም በስማቸው እጠራቸዋለሁ።

1. ርቀቱን ተዉት፣ የመጨረሻዎቹን ሦስት ኪሎ ሜትሮች እዩ

ሰው ካርታ ሲከፍት መጀመሪያ የሚያየው ርቀት ነው። «120 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው እኮ» ይባላል። ርቀት ግን ብዙም አይወስንም። የሚወስነው ከባቡር ከወረዳችሁ በኋላ ልታዩት ወደ መጣችሁት ነገር የምትደርሱበት መንገድ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። በመካከለኛው ጣሊያን ያሉ አሮጌ ከተሞች ለመከላከያ ሲባል ኮረብታ ላይ ተሠርተዋል። የባቡር ሐዲድ ደግሞ ሜዳና ሸለቆ ይመርጣል። ስለዚህ ጣቢያው የከተማውን ስም ይዞ ከሥር ተቀምጧል፤ ከተማው ከላይ ነው። በመሃል ያለው ዳገት በምን እንደሚወጣ ካላወቃችሁ ምርጫችሁ ግምት ነው።

ስለዚህ ካርታ ላይ ጣቢያውን ፈልጉ። ከዚያ ልታዩት የፈለጋችሁትን ነገር ፈልጉ። በመሃከላቸው ምን አለ? ጥቂት ምሳሌ ላሳያችሁ።

ኦርቪየቶ፦ ከሮም በተራ ባቡር አንድ ሰዓት ከሩብ አካባቢ ነው። ከተማው ገደል ላይ ነው፣ ግን ጣቢያው ፊት ለፊት ፉኒኮላሬ አለ። በገመድ እየተሳበ ዳገቱን የሚወጣ አጭር ባቡር ነው። ሥራ የጀመረው በ1888 ነው፤ ለዓመታት ተዘግቶ ቆይቶ በ1990 እንደገና ተከፈተ። ላይ ደርሳችሁ ከፉኒኮላሬው ስትወርዱ በ1290 ግንባታው ወደተጀመረው ካቴድራል የሚወስድ ትንሽ አውቶቡስ ይጠብቃችኋል። ከፉኒኮላሬው የላይኛው ጣቢያ አጠገብ የቅዱስ ፓትሪክ ጉድጓድ የሚባለው አለ። ከ50 ሜትር በላይ ይጠልቃል፣ 248 ደረጃ አለው። ደረጃው ሁለት ጥምዝ ነው፤ ውኃ የሚቀዱት በቅሎዎች ሲወርዱና ሲወጡ እንዳይገናኙ ታስቦ የተሠራ ነው። ጉልበታችሁን የሚያማችሁ ከሆነ ከላይ አይታችሁ እለፉት። ኦርቪየቶ እንግዲህ የባቡር ከተማ ናት።

ፖምፔ፦ ከሮም በፈጣኑ ባቡር ናፖሊ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ አካባቢ ነው። ከዋናው ጣቢያ ሥር ካለው ከናፖሊ ጋሪባልዲ «ቺርኩምቬዙቪያና» የሚባለውን የአካባቢ ባቡር ትይዛላችሁ። ወደ ሶሬንቶ የሚሄደው ነው። ከ35 እስከ 40 ደቂቃ በኋላ «ፖምፔ ስካቪ» በሚለው ጣቢያ ትወርዳላችሁ፤ የጥንታዊው ከተማ ፍርስራሽ መግቢያ ጥቂት እርምጃ ነው። «ፖምፔ» ብቻ የሚል ሌላ ጣቢያ አለ፤ እሱ በአዲሱ ከተማ በኩል ነው፤ ራቅ ይላል። ባቡሩ አሮጌ ነው፣ ይጨናነቃል፣ ኪስ አውላቂም አለበት። ቢሆንም ናፖሊ ውስጥ መኪና ከመንዳት በእጅጉ ይሻላል።

ቺንኳ ቴሬ፦ ባሕር ዳር የተደረደሩት አምስቱ መንደሮች ናቸው። ከአንዱ ወደ ሌላው በባቡር የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። እዚያ መኪና ሸክም ነው። ክርክር አያስፈልገውም።

ሲየና፦ እዚህ ሦስተኛ ምርጫ ይመጣል። ከፍሎረንስ ባቡሩ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል፤ ጣቢያው ከከተማው ሥር ነው፣ በተንቀሳቃሽ ደረጃ ትወጣላችሁ። ፈጣኑ አውቶቡስ ግን ከከተማው መሃል ጥግ ድረስ ያደርሳችኋል። እኔ አውቶቡሱን እመርጣለሁ።

ሳን ጂሚኛኖ፦ ረጃጅም ማማዎች ያሏት ትንሽ ከተማ ናት። ባቡር ጣቢያ የላትም። በባቡር እስከ ፖጂቦንሲ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ይሄዳል። እሷን ብቻ ከፈለጋችሁ ይቻላል። ሌላ መንደር ልትጨምሩ ካሰባችሁ የአውቶቡስ ጥበቃው ቀኑን ይበላዋል።

ቫል ዶርቻ፦ በፖስት ካርድ የምታዩት፣ ጥድ የተሰለፈበት ኮረብታ። ፒየንሳ፣ ሞንታልቺኖ፣ ከጎኑ ደግሞ ሞንቴፑልቺያኖ። እዚህ የምታዩት ነገር መንገዱ ራሱ ነው። በየኮረብታው ቆም ማለት አለባችሁ። ባቡር እዚህ አይረዳችሁም። መኪና ተከራዩ።

ቺቪታ ዲ ባኞሬጆ፦ በረጅም የእግረኛ ድልድይ ብቻ የሚገባባት፣ አፈሯ እየተሸረሸረ ያለች መንደር። ከኦርቪየቶ 20 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። አውቶቡስ አለ፤ ግን በቀን ጥቂት ጊዜ ነው፤ እሁድ ከናካቴው አትተማመኑበት። ኦርቪየቶን ብቻ ካላችሁ ባቡር፤ ኦርቪየቶን፣ ቺቪታንና የቦልሴና ሐይቅን በአንድ ቀን ካላችሁ መኪና።

ሕጉን አያችሁት? አንድ ቦታ፣ ጣቢያው ቅርብ ወይም ወደ ላይ የሚያወጣ ነገር ካለው፣ ባቡር። ሁለትና ከዚያ በላይ ትንንሽ ቦታ፣ በመሃላቸው ሐዲድ ከሌለ፣ መኪና። የቀረው ሁሉ ይሄን ለማጣራት ነው።

2. ወረቀታችሁ ይፈቅድላችኋል?

ይሄን ሁለተኛ ያደረግኩት ብዙ ሰው መጨረሻ ላይ ስለሚያስታውሰው ነው። ቢሮው ደርሶ፣ ወረፋ ጠብቆ፣ «ይሄ መንጃ ፈቃድ አይሆንም» መባል ቀኑን ያበላሻል። ገንዘቡም ላይመለስ ይችላል።

ከአውሮፓ ኅብረት አገር የተሰጠ መንጃ ፈቃድ ካላችሁ ችግር የለም። የእንግሊዝም ካርድ ይሠራል። የኢትዮጵያ ወይም የአሜሪካ ከሆነ ግን ከዋናው መንጃ ፈቃድ ጋር ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ወይም ሕጋዊ የጣሊያንኛ ትርጉም መያዝ አለባችሁ። አሜሪካ ያላችሁ ትሪፕል ኤ (የአሜሪካ የመኪና ነጂዎች ማኅበር) ቢሮ ሄዳችሁ በ20 ዶላር ታወጡታላችሁ። ከኢትዮጵያ የምትሄዱ ከአገር ሳትወጡ ጨርሱት። በተጨማሪ ለኪራይ ድርጅቱ በጽሑፍ ጠይቁ፤ «በዚህ አገር መንጃ ፈቃድ ታከራዩኛላችሁ?» ብላችሁ። መልሱን ስልካችሁ ላይ ያዙ። ሕጉ ቢፈቅድም ድርጅቱ የራሱ ደንብ አለው። ብዙዎቹ መንጃ ፈቃዱ ቢያንስ አንድ ዓመት የሞላው እንዲሆን ይፈልጋሉ። ከ25 ዓመት በታች ከሆናችሁም ተጨማሪ ያስከፍላሉ።

ቀጥሎ ካርዱ። ለዲፖዚት የሚፈልጉት ክሬዲት ካርድ ነው፤ ያውም በሚነዳው ሰው ስም። ዴቢት ካርድና ቅድመ ክፍያ ካርድ ብዙ ቢሮዎች አይቀበሉም፤ ወይም ውዱን ኢንሹራንስ ግዙ ይላሉ። «የወንድሜ ካርድ ነው፣ እሱም አብሮኝ አለ» ብሎ ማስረዳት አይሠራም። የወንድምየው ካርድ ከሆነ ወንድምየው ይንዳ።

ማርሹንም አስቡ። ጣሊያን ውስጥ ርካሹ የኪራይ መኪና ማንዋል ነው። አውቶማቲክ ከፈለጋችሁ ቀድማችሁ መምረጥ አለባችሁ፤ ዋጋውም ይጨምራል። አሜሪካ ለዓመታት በአውቶማቲክ የለመደ እግር በኦርቪየቶ ዳገት ላይ ፍሪሲዮን ፍለጋ እንዲገባ አልመክርም።

ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ምርጫው አልቋል። ወደ ባቡሩ ክፍል ዝለሉ።

3. ሰዓቱን ከአልጋ እስከ አልጋ ቁጠሩ

የስልክ ካርታ «በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል» ሲላችሁ የሚቆጥረው ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ያለውን ነው። የቀረውን ራሳችሁ ጨምሩ።

የኪራይ ቢሮው ጠዋት 2 ሰዓት ይከፈታል እንበል። ወረፋ፣ ፊርማ፣ የኢንሹራንስ ልመና፣ መኪናውን ዞር ብሎ ማየት፤ በትንሹ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ። ከዚያ ከሮም መውጣት አለ። ከሰው ሁሉ ጋር እየተጋፋችሁ ከተማውን ወደሚዞረው ቀለበት መንገድ ትደርሳላችሁ። ከዚያ የፍጥነት መንገድ። ከዚያ ፓርኪንግ ፍለጋ። ኦርቪየቶ ካቴድራል ፊት ስትቆሙ ሰዓቱ ወደ 5 እየተጠጋ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ከሮም ዋና ጣቢያ ከተርሚኒ ባቡር የያዘው ሰው በዚያን ጊዜ ካቴድራሉን አይቶ ማኪያቶውን እየጠጣ ነው።

መመለሻውንም አትርሱ። ማታ ነዳጅ መሙላት አለ፣ መኪናውን መመለስ አለ። ቢሮው ከመድረሳችሁ በፊት ከተዘጋ መኪናውን የት ታሳድሩታላችሁ? መሃል ሮም ውስጥ የማታ ፓርኪንግ ርካሽ አይደለም። በትንንሽ ከተሞች ያሉ ቢሮዎች ለምሳ ይዘጋሉ፤ እሁድም ከናካቴው የማይከፍቱ አሉ።

ለባቡሩም እንዲሁ አድርጉ። ከማረፊያችሁ እስከ ጣቢያ፣ ጣቢያ ውስጥ 20 ደቂቃ፣ ጉዞው፣ ከጣቢያ እስከ መድረሻው። በመጨረሻ ሁለቱን ድምር አስተያዩ። ልዩነቱ ከአንድ ሰዓት በታች ከሆነ ሰዓቱን ተዉትና በድካም ወስኑ። ባቡር ላይ ትተኛላችሁ። መኪና ላይ ቢያንስ አንድ ሰው አይተኛም።

4. ሒሳቡን በሰው ቁጥር አካፍሉ

ባቡር በነፍስ ወከፍ ነው፤ መኪና በመኪና። ስለዚህ «የትኛው ይረክሳል?» የሚለው ጥያቄ ያለ ሰው ቁጥር መልስ የለውም።

ሮም–ኦርቪየቶን እንውሰድ። በተራው ባቡር የአንድ ሰው የአንድ ጉዞ ዋጋ 10 ዩሮ አካባቢ ነው። ሁለት ሰው ደርሶ መልስ 40። ልጆች ካሉ ከ4 ዓመት በታች ነፃ፣ 12 ዓመት ያልሞላቸው በግማሽ። ስለዚህ አባት፣ እናትና ሁለት ልጆች ወደ 60 ዩሮ ይሆናሉ።

መኪናው? ኪራዩ 60 ዩሮ ነው እንበል። 240 ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ ወደ 15 ሊትር ቤንዚን ይፈጃል። ሊትሩን በ1.80 ብናስበው 27 ዩሮ። ለመንገድ ክፍያና ለፓርኪንግ 25 ያዙ። ድምሩ 112 ይመጣል። ሁለት ሰው ከሆናችሁ ባቡሩ በሰፊው ያሸንፋል። አምስት አዋቂ ከሆናችሁ ይቀራረባሉ።

ፈጣኑ ባቡር ግን ሌላ ታሪክ ነው። ሮም–ፍሎረንስ በፍሬቻሮሳ ወይም በኢታሎ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። የሚያንቀሳቅሷቸው ሁለት ተፎካካሪ ድርጅቶች ናቸው፤ ዋጋቸውም እንደ አውሮፕላን ነው። ቀድሞ የገዛ በግማሽና ከዚያም በታች ይሄዳል። በዕለቱ የገዛ በአንድ ጉዞ 50 ዩሮ ቢያልፍበት አይገረም። ለአራት አዋቂ ደርሶ መልስ ብታሰሉት ያስደነግጣል። ያም ሆኖ መኪና አይሻልም። 560 ኪሎ ሜትር በአንድ ቀን ነድቶ ፍሎረንስን ማየት አይቻልም፤ የሚታየው አስፋልት ነው። ወይ ቀድማችሁ ግዙ፣ ወይ ፍሎረንስ እደሩ።

ደግሞ የኢንሹራንሱን ነገር። ዋጋው ውስጥ የተካተተው ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ ከፊሉን ጉዳት በእናንተ ላይ ይተዋል። ያ ከኪሳችሁ የሚወጣው ድርሻ ከ1,000 ዩሮ ሊበልጥ ይችላል። ኪራይ ቢሮው ውስጥ «ይሄንን ዜሮ እናድርግልዎት» ይሏችኋል፤ በቀን የሚጨመረው ግን ኪራዩን ግማሽ ያህል ሊያንረው ይችላል። ከመሄዳችሁ በፊት የባንክ ካርዳችሁ የኪራይ መኪና ሽፋን እንዳለው ጠይቁ። ሒሳቡን የምትሠሩት ይሄን ጨምራችሁ ነው፤ ድረ ገጹ ላይ የሚታየው «በቀን 19 ዩሮ» እውነተኛ ዋጋ አይደለም።

5. አብሯችሁ ያለው ማን ነው?

እናታችሁን ወይም አያታችሁን ይዛችሁ ከሆነ የጣቢያ ደረጃ ያሳስባል። ትንንሽ ጣቢያዎች ላይ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው በምድር ሥር መተላለፊያ ነው፤ ሊፍቱ ሊበላሽ ይችላል። «ሳላ ብሉ» የሚባል ነፃ የእርዳታ አገልግሎት አለ። ቀድማችሁ ካስመዘገባችሁ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀብለው ባቡሩ ላይ ያሳፍራሉ። ብዙ ሰው አያውቀውም። ተጠቀሙበት።

ጨቅላ ልጅ ካለ መኪናው ይቀላል ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። የልጅ መቀመጫ ግዴታ ነው፤ ከ150 ሴንቲ ሜትር በታች ላለ ልጅ ሁሉ። ከድርጅቱ ስትከራዩት ለብቻው ያስከፍላል። ባቡር ላይ ልጁ ይንቀሳቀሳል፣ ሽንት ቤትም አለ።

ወይን ለመቅመስ ከሆነ የምትሄዱት፣ ሾፌሩ ማን እንደሆነ ከመነሣታችሁ በፊት ተስማሙ። የአልኮል ወሰኑ በሊትር ደም 0.5 ግራም ነው፤ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ሦስት ዓመት ላልሞላው ዜሮ። ሞንታልቺኖ ሄዶ ውኃ ሲጠጣ የሚውል በጎ ፈቃደኛ ማግኘት ቀላል አይደለም።

6. ሁለቱን ቀላቅሉ

ሰው ይሄንን መንገድ ይረሳዋል። ለእኔ ግን ብዙ ጊዜ ምርጡ ይሄ ነው። ትልቁን ከተማ በባቡር ወይም በትራም ተሻገሩት፤ መኪናውን ከከተማው ውጪ ተረከቡ።

ፍሎረንስ ካላችሁ እንዲህ አድርጉ። ከዋናው ጣቢያ ከሳንታ ማሪያ ኖቬላ አጠገብ ቲ2 የሚባለውን ትራም ያዙ። በ20 ደቂቃ አካባቢ ፔሬቶላ አውሮፕላን ማረፊያ ያደርሳችኋል። የኪራይ ቢሮዎቹ እዚያው አካባቢ ናቸው። ከዚያ በቀጥታ ወደ ቫል ዶርቻ ወይም ሳን ጂሚኛኖ ትነዳላችሁ፤ የከተማውን መሃል ሳትነኩ። ማታም እዚያው መልሳችሁ በትራም ትገባላችሁ።

አማልፊ የባሕር ዳርቻን ለሚፈልግም ድብልቅ መንገድ አለ። መንገዱ ጠባብና ጠመዝማዛ ነው፤ በአውሮፓ በጋ (ከሰኔ እስከ ነሐሴ አካባቢ) ፓርኪንግ ማግኘት ጭንቅ ነው። በባቡር ሳሌርኖ ድረስ ሂዱ። ከጣቢያው በእግር ቅርብ ከሆነው ወደብ በበጋ ወራት ጀልባ አለ። ገደሉን ከባሕር ላይ ሆናችሁ ታዩታላችሁ፤ ከመሪ ጀርባ ሆኖ ከማየት ይሻላል።

7. ባቡርን ከመረጣችሁ

መጀመሪያ የምታዩት የመሄጃውን ሳይሆን የመመለሻውን የመጨረሻ ባቡር ነው። እሱን ጻፉት። ከእሱ አንድ በፊት ያለውን እንደ ባቡራችሁ ቁጠሩት። የመጨረሻው መጠባበቂያ ይሁን።

ሁለተኛ፣ ቲኬቱ የትኛው ዓይነት እንደሆነ እወቁ። የፈጣን ባቡር ቲኬት ለዚያ ባቡርና ለዚያ ወንበር ብቻ ነው። አመለጣችሁ ማለት ርካሹ ቲኬት ሞተ ማለት ነው። ተራው ባቡር፣ «ሬጆናሌ» የሚሉት፣ ዋጋው አንድ ነው፤ ዛሬም ግዙት ከወር በፊት ያው ነው። ወንበርም አይመደብም። ስለዚህ እሱን ቀድሞ ለመግዛት አትጨነቁ።

ሦስተኛ፣ የሬጆናሌን የወረቀት ቲኬት ከመሳፈራችሁ በፊት ጣቢያው ውስጥ ባሉት ትንንሽ ማሽኖች አስመቱት። ከተመታ በኋላ ለ4 ሰዓት ይሠራል። በስልክ ከገዛችሁ ደግሞ ከመነሣቱ በፊት «ቼክ ኢን» የሚለውን መንካት አለባችሁ። ቲኬት ገዝቶ ሳያስመታ የተሳፈረ ሰው እንዳልከፈለ ተቆጥሮ ይቀጣል። «እንግዳ ነኝ፣ አላወቅኩም» የሚለው ልመና አንዳንዴ ይሠራል፤ ብዙ ጊዜ አይሠራም።

አራተኛ፣ ሰዓቱ። ሰሌዳው 24 ሰዓት ይቆጥራል። 14:35 ከቀኑ 8:35 ነው፤ 20:35 ከምሽቱ 2:35። ይሄ ተራ ነገር ይመስላል። ግን ከመካከላችሁ አንዱ ውጭ አገር ያደገ ከሆነ «2 ሰዓት ተርሚኒ እንገናኝ» ስትሉት ከምሳ በኋላ ይመጣል። በቡድን ስትሄዱ ሰዓቱን እንደ ሰሌዳው ጻፉላቸው።

ሰሌዳው ላይ «ፓርቴንሴ» መነሻ ነው፣ «ቢናሪዮ» የሐዲዱ ቁጥር፣ «ሪታርዶ» መዘግየት። የሐዲዱ ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚወጣው ሊነሣ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ነው። ተርሚኒ ላይ ለኦርቪየቶ የሚሆነው ባቡር ከዋናዎቹ ራቅ ካለ ሐዲድ ሊነሣ ይችላል፤ ስለዚህ 20 ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱ። ባቡሩን የምትፈልጉት በመጨረሻ መድረሻው ስም ወይም በቁጥሩ ነው። ወደ ኦርቪየቶ የሚሄደው ባቡር ሰሌዳው ላይ «ፍሎረንስ» ሊል ይችላል፤ በጣሊያንኛ «ፊሬንሴ»።

አምስተኛ፣ አድማ። ጣሊያኖች «ሾፔሮ» ይሉታል። የተለመደ ነው፤ አርብ ላይ ደግሞ ይበዛል። ደግነቱ ቀድሞ ይታወጃል። ከመሄዳችሁ በሁለት ቀን በፊት ቃሉን ከቀኑ ጋር በስልካችሁ ፈልጉ። አድማ ቢኖርም በሥራ ቀን ከጠዋቱ 12 እስከ 3 ሰዓትና ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት የተራ ባቡር አገልግሎት በሕግ የተጠበቀ ነው። በእነዚህ ሰዓታት ወጥቶ መግባት ይቻላል፤ ግን ለቀኑ ጉዞ ሌላ ቀን ካላችሁ ቀይሩት።

8. መኪናን ከመረጣችሁ

ስትረከቡ ስልካችሁን አውጥታችሁ መኪናውን ዙሪያውን ቪዲዮ ቅረጹ። ጎማ፣ ጠርዝ፣ መስታወት፣ የነዳጅ ጌጅ። ጭረት ካለ ወረቀቱ ላይ እንዲጻፍ አድርጉ። ሰውየው «ትንሽ ነው፣ ችግር የለም» ቢልም ይጻፍ።

አሁን ወደ ዋናው ወጥመድ እንምጣ። ስሙ «ዞና ትራፊኮ ሊሚታቶ» ነው። የአሮጌ ከተሞች መሃል ለነዋሪ ብቻ የተፈቀደ ክልል ነው፤ ሮም፣ ፍሎረንስ፣ ሲየና፣ ኦርቪየቶም አላቸው። ፖሊስ አያስቆማችሁም። ኬላ የለም። ነጭ ሆኖ ቀይ ክብ ያለበት ምልክትና ካሜራ ብቻ ነው ያለው። አለፋችሁ፣ ታርጋው ተነሣ፣ አበቃ። በተሳሳተ መንገድ ዞራችሁ እንደገና ከገባችሁ ሁለተኛ ቅጣት ነው። እያንዳንዱ ከ80 ዩሮ በላይ ነው። የኪራይ ድርጅቱም ስማችሁን ለከተማው ስለሰጠ ብቻ የራሱን የአገልግሎት ክፍያ ከካርዳችሁ ይቆርጣል። ብዙ ሰው ያንን ክፍያ ቅጣቱ ራሱ ይመስለዋል፤ አይደለም፤ ቅጣቱ በኋላ ለብቻው ይመጣል።

እንዴት ይመለጣል? የስልክ ካርታችሁን ሙሉ በሙሉ አትመኑ። መድረሻ ብላችሁ የምታስገቡት የካቴድራሉን ስም ሳይሆን ከግንቡ ውጪ ያለ የፓርኪንግ ስም ይሁን። በዋዜማው ማታ ቁጭ ብላችሁ ፓርኪንጉን ምረጡ። በመግቢያው ሰሌዳ ላይ «ቫርኮ አቲቮ» የሚል ከበራ ካሜራው እየሠራ ነው፤ አትግቡ። «ኖን አቲቮ» ካለ መግባት ይቻላል። ሆቴላችሁ ክልሉ ውስጥ ከሆነ ቀድማችሁ ደውሉ፤ ታርጋችሁን ሊያስመዘግቡላችሁ ይችላሉ።

የፓርኪንግ መስመር ቀለም አለው። ነጭ ነፃ፣ ሰማያዊ በክፍያ፣ ቢጫ ለተለዩ ሰዎች። ነጭም ቢሆን ምልክቱን አንብቡ፤ የሰዓት ገደብ ሊኖረው ይችላል።

የፍጥነት መንገዱ አሠራር አዲስ አበባ–አዳማን ለነዳ ሰው እንግዳ አይደለም። ስትገቡ ቲኬት ትወስዳላችሁ፣ ስትወጡ ትከፍላላችሁ። ጥንቃቄው መውጫው ላይ ነው። ቢጫው መስመር «ቴሌፓስ» የሚባል መሣሪያ ላላቸው ብቻ ነው። ሰማያዊው የካርድ ነው። ነጩ፣ እጅና ሳንቲም የተሳለበት፣ ጥሬ ገንዘብ ይቀበላል። ተሳስታችሁ ከገባችሁ ወደ ኋላ አትመለሱ። የእርዳታ ቁልፉን ተጫኑ፤ በኋላ የሚከፈል ወረቀት ይወጣላችኋል።

ፍጥነት፦ በፍጥነት መንገድ 130፣ ዝናብ ሲሆን 110፤ በከተማ 50። የግራው መስመር ለመቅደም ብቻ ነው። እዚያ ተንቀራፍፋችሁ ከቆያችሁ ከኋላ መብራት ያብለጨልጩባችኋል። አትናደዱ፣ ወደ ቀኝ ግቡ። ከከተማ ውጪ ቀንም ቢሆን መብራት ይበራል።

ነዳጅ ማደያ ላይ አረንጓዴው እጀታ ቤንዚን፣ ጥቁሩ ናፍጣ ነው። ቤንዚን «ቤንሲና» ነው፤ ናፍጣ ግን «ጋዞሊዮ» ስለሚባል ከአሜሪካ የመጣ ሰው ይሳሳትበታል። የነዳጅ ማጠራቀሚያውን ክዳን ከፍታችሁ የተጻፈውን አንብቡ። «ሰርቪቶ» የሚለው ፓምፕ ሰው ይቀዳላችኋል፣ ዋጋውም ይጨምራል። ራሳችሁ የምትቀዱበት ይረክሳል። ማታ ወይም እሁድ አውቶማቲኩ ካርዳችሁ ላይ እስከ 100 ዩሮ ይዞ በኋላ የቀረውን ይለቃል፤ ካርዱ ላይ በቂ ገንዘብ ይኑር።

ስትመልሱ ሰው በሚቀበልበት ሰዓት መልሱ። ቁልፍ በሳጥን ጥሎ መሄድ ይቻላል፤ ግን በማግሥቱ የተገኘ ጭረት የማን እንደሆነ ክርክር ያመጣል። እንደገና ቪዲዮ ቅረጹ፤ የነዳጁን ጌጅና የኪሎ ሜትር ንባቡን ጨምሩ። የመጨረሻውን የነዳጅ ደረሰኝ ያዙ።

ውሉን፣ ደረሰኞቹንና ቪዲዮውን አንድ ዓመት ሙሉ አታጥፉ። ውጭ አገር ለሚኖር ሰው የትራፊክ ቅጣት ማስታወቂያ እስከ 360 ቀን ሊዘገይ ይችላል። ደብዳቤው ሲመጣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ታርጋውን ከውላችሁ ጋር አስተያዩ። ትክክል ከሆነ በመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት ውስጥ ክፈሉ፤ ዋናው ቅጣት ላይ 30 በመቶ ይቀነሳል።